ለዘር የተቀመጠው የርዳታ ስንዴ

ዝናብ በቀረ በሁለተኛው ዓመት፣ በ፲፱፻፷፮ ዓ.ም. ጥር ወር፣ ከንፋስ መውጫ ከተማ ግርጌ ባለው ሜዳ ላይ ከስማዳ ቆላና ከላስታ የተሰደደ ብዙ ሕዝብ ሰፍሮ ነበር። እኔ የከተማው ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ በሰፈሩ መካከል ሳቋርጥ፣ አንድ ሽማግሌ ነጠላቸውን አንጥፈው ስንዴ ሲለቅሙ አየሁና እጅ ነሣሁ። ከጎናቸው ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ተጋድማለች።

ሽማግሌው አቶ ደሴ ይባላሉ፤ የስማዳ ገበሬ ናቸው። ልጅቱም የልጅ ልጃቸው ደጊቱ ናት። ደህና ደህናውን ፍሬ ወደ ስልቻ፣ የተሰባበረውንና የኮሰሰውን ወደ ድስት ይለያሉ። «ለቆሎ ነው?» ብዬ ብቀልድ ቆጣ ብለው አዩኝ።

በዚህ መካከል ካሣነሽ መጣች። ካሣነሽ የእስቴ ልጅ ናት፤ በሰፈሩ የሕክምና ድንኳን ውስጥ ድሬሰር፣ ማለት የሐኪም ረዳት፣ ሆና ትሠራለች። ጎንበስ ብላ የልጅቱን ክንድ ዳሰሰችና ፊቷ ጠቆረ።

«አባቴ፣ እንዴት ዋሉ? ደጊቱ ለምን አልበረታችም? የርዳታው ስንዴ በየሳምንቱ ይሰፈርልዎታል፤ እሷ ግን ከመጣችበት ቀን ይልቅ ከስታለች።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ትበላለች» አሉ ወደ ድስቱ እያመለከቱ።

ካሣነሽ ስልቻውን ብታነሣው ከበዳት። «ይህስ?»

«እሱ ዘር ነው፤ አይነካም!»

እውነቱን ለመናገር እኔ ተናደድኩ። ልጅ እያለቀች እህል ይቆለፋል? አፌን ልከፍት ስል ካሣነሽ በዓይኗ ገሠጸችኝ።

አቶ ደሴ ግን ቀጠሉ። «ልጄ፣ አንቺ ተምረሻል፤ እርሻ ግን አታውቂም። አምና ሚስቴ ተዋበች በረሃብ ስትደክም የዘር ማሽላዬን አልነካሁም። እሷም አውጣው አላለችኝም። እሷን ቀብሬ ዘራሁ። ዝናቡ ቀረ፣ ዘሩም አፈር ውስጥ ቀረ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ አይተው እንዴት ደግሞ...?»

«እንዴት ልተወው? ይህ ስልቻ ሙሉ ሲሆን መንገደኛ ነኝ፤ ነገ አገሬ እገባለሁ። ባዶ ከሆነ ግን እዚሁ ለማኝ ሆኜ ቀረሁ ማለት ነው።»

ቁጣዬ በረደ። ለካ ነገሩ ስስት አይደለም። ዘር አይነካም የሚለው የአባቶቻችን ልማድ በደጉ ዘመን ቤት ያቆማል፤ ዘመኑ ሲከፋ ግን ሳይመረምሩ የያዙት እንደ ሆነ ቤቱን ባዶ ያስቀራል። ይህንን ለተጎዳ ሰው እንዴት ብሎ መንገር እንደሚቻል እኔ አላውቅም ነበር።

ካሣነሽ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «እሺ አባቴ፣ አገርዎ ገቡ እንበል። ማን ያርሳል?»

«እኔ ነኛ! በሬ ከዘመድ አላጣም።»

«አረሙንስ?»

«ተዋበች ነበረች። አሁን እንግዲህ እኔና ደጊቱ እናርማለን።»

«ማሽላው ሲያፈራስ ወፉን ማን ይጠብቃል?»

«ደጊቱ ናታ! ሌላ ማን አለኝ? አባትና እናቷ እንደሆኑ የሉም...»

ዞረው ልጅቱን አዩ፤ ለረጅም ጊዜም ከእሷ ላይ ዓይናቸውን አላነሡም።

«አልዋሽዎትም፣ አባቴ» አለች ካሣነሽ ቀስ ብላ። «የዚህን ስንዴ ገንፎና እኛ የምንሰጣትን የዱቄት ወተት በቀን ደጋግማ ካልበላች ለክረምቱ አትደርስም።»

«ዘሩስ?»

«በዘሩ በኩል ቃል ልገባልዎ አልችልም። ግን ይህ ስንዴ ለስማዳ ቆላ ይሆናል?»

«አይሆንም» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «እኛ የምንዘራው ማሽላና ጤፍ ነው። እጄ ባዶ እንዳይሆን ብዬ ነው እንጂ።»

«እንግዲያው ከሽማግሌዎቹ ጋር ሆናችሁ የማሽላና የጤፍ ዘር ከአሁኑ ጠይቁ። የተሰፈረው ይበላ፤ ዘሩ ለብቻው ይምጣ። ገበሬ ለርስቱ ዘር ቢጠይቅ ለማኝ አይባልም።»

አቶ ደሴ የስልቻውን አፍ ፈቱና ጎረቤታቸውን ጠሩ። «እባክሽ እህቴ፣ ይህንን ፍጪልን፤ ለልጄ ገንፎ ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ ድንኳን ለድንኳን እየዞሩ ሌሎቹን የመከሩ እሳቸው ናቸው። ለካ በየድንኳኑ አፉ የታሰረ ስልቻ ሞልቶ ኖሯል! ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው የወረዳውን ገዥ ደጅ ጠኑ። መጀመሪያ «ቆዩ» ተባሉ፤ ሳይሰለቹ ቢመላለሱ የተመኙትን ያህል ባይሆንም በግንቦት ዘር መጣላቸው። እስከዚያው ስንዴው በመበላቱ ሕፃናቱ ቆመው መሄድ ጀመሩ፤ የካሣነሽ ድንኳን በሽተኛ ቀነሰለት፤ ወንዶቹም ሞፈር ለመያዝ የሚበቃ ጉልበት አገኙ። የተሰደደ ሰው የተሰጠውን በልቶ መበርታቱ ወደ አገሩ የሚመለስበት መንገድ መሆኑን ሁሉም ተረዳው።

በሚሄዱበት ጧት አቶ ደሴ ሊሰናበቱን መጡ። የካሣነሽን እጅ ይዘው «ልጄ፣ ያኔ ለተዋበች እንዳንቺ የሚሟገትላት ሰው ባገኝ ኖሮ...» አሉና አለቀሱ። ካሣነሽም አለቀሰች፤ እኔም አላስቻለኝም።

ደጊቱ ግን «አባባ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ እንሂድ እንጂ!» ብላ ቁልቁለቱን ከፊት ከፊት ሮጠች።