ጭስ የሚወጣባት ቤት

ኮሮና መንገዱን ሁሉ የዘጋ ጊዜ ነው። ደቡብ አፍሪካ፣ ሶዌቶ ካለችው ሱቄ ጎረቤት የሚኖሩ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጎጎ፣ አያቴ ማለት ነው፣ የሚላቸው አሮጊት፣ በብረቱ ፍርግርግ በኩል ስልካቸውን አሳዩኝ። ስኮትላንድ ያለችው ነርስ ልጃቸው «ድንበር ሲከፈት ውቅያኖስ ዳር አብረን እናርፋለን፣ ቦታውን አንቺ ምረጪ» ብላ ፎቶዎች ልካላቸዋለች።

«ዘመድ ያለዎት የትኛው ጋ ነው?» አልኳቸው።

«ለዕረፍት እኮ ነው» ብለው ሳቁ።

እኛ አገር፣ ሆሳዕና በኩል፣ የሚቀበለው ሳይኖር ሻንጣ የሚያነሳ የለም። ለመስቀል አገር ስገባ እንኳ እናቴ ቤት መኖሯን የማውቀው ከሩቅ በጭሱ ነበር። ስለዚህ ከፎቶዎቹ መካከል ከሰው ርቃ ገደል ሥር ያለች፣ ጭስ የሚወጣባት አንዲት የድንጋይ ቤት መረጥኩላቸው። «እዚህ ሰው አለ» አልኳቸው።

መንገድ ተከፍቶ፣ ሄደው ሲመለሱ ፎቶ አሳዩኝ። ባሕሩም ጭሱም አለ። «ቤቷ የኪራይ ናት፣ ስንደርስ ማንም አልነበረም። እሳቱን ያነደድኩት እኔ ነኝ» አሉኝ። ቀጥለውም «አንተስ አገርህ መቼ ትሄዳለህ?» አሉ።

«እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ዝግ ነው፣ የሚቀበለኝ የለም» ልላቸው ነበር። ፎቶው ላይ ያለውን ጭስ መልሼ አየሁና «ለመስቀል» አልኳቸው።