ሁለተኛው ጉርሻ

እናት ሳይነገራት ታውቃለች?

ከሲልቨር ስፕሪንግ በሚነሳው አውቶቡስ ላይ፣ እሑድ ጠዋት፣ ከኋላዬ አንዲት እናት አጠገባቸው ለተቀመጠች ወጣት ያወራሉ።

«ልጄ ከፈረንጅ የሥራ ጓደኛዋ ጋር ሳን ሴባስቲያን ወሰደችኝ።»

«እስፔን? ምን ምን አዩ፣ እማማ?»

«ባሕሩን፣ በባቡር የሚወጣውን ተራራ። ከዚያ ሰው ሁሉ ቆሞ የሚበላበት ቤት ገባን።»

«ቆሞ?»

«እንደ ፈረስ! ዓሣ ያለበት ቁራሽ ዳቦ አንስቼ ጓደኛዋን አጎረስኩት።»

«ፈረንጁን?»

«አፉን ከፈተ! አንድ ያጣላል ብዬ ደገምኩት።»

«ልጅዎስ?»

«አለቀሰች። ‹እማዬ፣ ልንጋባ ነው፤ እምቢ እንዳትዪኝ ፈርቼ ነው የደበቅኩሽ› አለችኝ።»

«እርስዎስ ምን አሏት?»

«‹ታዲያ ጠላቴን ነው እንዴ ሁለቴ ያጎረስኩት?› አልኳት።»

እኔም ዓመት ሙሉ የደበቅኩትን ሰው ስም ለእናቴ የነገርኳት በዚያው እሑድ ነው።