ጳጉሜን የማያውቀው ኮምፒውተር

ከቦንጋ ወደ ዋጫ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ጥቁር የለበሱ እናት አጠገባቸው ካለው ሰውዬ ጋር ሲያወሩ ሰማሁ።

«ለባሌ የሞት ምስክር ወረቀት ላወጣ ሄጄ ኮምፒውተሩ እምቢ አለ።»

«ምን ጎድሎ ነው፣ እትዬ?»

«የሞተው ጳጉሜን ሦስት ነዋ! ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው። ነሐሴ ሠላሳ እናድርገው አሉኝ።»

«ይሁን አይሉም?»

«ነሐሴ ሠላሳ እኮ ጣሪያችን ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ ሲመታ ነበር!»

«መስከረም አንድ ይበሏቸው እንግዲያ።»

«ያን ቀንማ ሣልስቱ ነበር። ያለ ወረቀቱ ደግሞ የልጆቼ ጡረታ አይወጣም።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ለልጆቹ ስል ነሐሴ ብዬ ፈረምኩ። በቁሙ ገደልኩት።»

የመጀመሪያ ዓመት የኮምፒውተር ተማሪ ነኝና፣ ነገ የማስረክበውን የልደት ቀን መመዝገቢያ ፕሮግራም ስልኬ ላይ ከፍቼ ወራቱን አንድ በአንድ ቆጠርኩ።