ከታቦት ጋር ያደረችው ሎሚ

ሦስቱ ጎረቤታሞች ኮሶበር ላይ፣ በዘውድነሽ ደጅ፣ ፀሐይ እየሞቁ ጥጥ ይፈትላሉ። ደብሪቱ ብቻ ፈትሉ እየተበጠሰባት ተቸግራለች። ዘውድነሽ አራስ ልጇን ልታርስ ቻግኒ ስትሄድ አደራ የሰጠቻት፣ ጣሳ ውስጥ የተተከለች ሎሚ ይኸው መስኮቱ ሥር ጠውልጋ ቆማለች፤ ደብሪቱም «ወቅቱ ነው፣ ቅጠል ይጥላል» ብላ ነገሩን ሸፋፍናዋለች። አሁን ሆዷ የሚለምነው አንድ ነገር ነው፤ ዘውድነሽ እንዳትደርስበት። የስንት ዘመን ጉርብትና በአንዲት ሎሚ ሊበላሽ! ዘውድነሽ ግን ደብሪቱን አየት እንኳ ሳታደርግ ወደ ሦስተኛዋ፣ ወደ የሻረግ፣ ዞራ ጀመረች።

«የሻርዬ፣ ላምሽ ወለደች አሉ፤ ወተቱ እንዴት ነው? … የዘንድሮ ውርጭ መቼስ አይጣል ነው። የቻግኒን ሙቀት ለምጄ መጥቼ አጥንቴ ድረስ ገባ። ሰው እንዲህ ከሆነ ሎሚ ምን ትሁን? … አይ፣ እንዲያው ነው ያነሳሁት።

አንዲት ሴት አለች አሉ… አታውቂያትም። እንዴት ያለች መንፈሳዊ መሰለሽ! የሰው ሎሚ አደራ ቢሰጧት፣ ትባረክልኝ ብላ በከተራ ተሸክማ ወርዳ ከታቦት ጋር አሳደረቻት። ሜዳ ላይ! እኛ ልጆቻችንን በጋቢ ስንጠቀልል፣ እሷ ለነፍስ ነው የተጨነቀች… ለሎሚ ነፍስ። ካህናቱ እንኳ ድንኳን ነበራቸው እኮ። ራቁቷን ያስቀደሰች ሎሚቱ ብቻ ናት።

ጠዋት ቅጠሏ ጠቁሮ ስታይስ ደነገጠች? ኧረ የት! ጠበል አመጣች። ማለዳ አንድ ቅል፣ ማታ አንድ ቅል… እጇ ለጋስ ነው ስልሽ። ሰው እንኳ ሲጠመቅ ኋላ ከውሃው ይወጣል፤ እሷ ግን የጀመረችውን አታቋርጥም፣ እዚያው ተወቻት። ጣሳውን ባዘነብለው ምን ያህል ወጣ መሰለሽ? ነጠላዬን ላጥብበት ነበር።»

ደብሪቱ አንገቷን ደፋች። ልመልስ ብትል «ስምሽን ማን አነሳ?» መባሏ ነው። በጣም አፈረች፤ ክፉኛ ሳቅም ያዛት፤ ሁለቱንም ዋጠቻቸው።

«እኔማ የሷ እውቀት የለኝ፣ ምን አደርጋለሁ? የጣሳውን ቂጥ በምስማር በሳሁት። ከብርዱም ከምድጃውም ራቅ አድርጌ ብርሃን የምታገኝበት አስቀመጥኳት። አፈሩ ደረቅ እስኪል ጠብታ ውሃ አላሳያትም። ቅጠሉንም ለመቁረጥ አልቸኩልም፣ የሞተው ካልሞተው እስኪለይልኝ። እንዲህ ያለ የሰነፍ ሥራ… ትናንት ታዲያ ከግንዷ አረንጓዴ ነገር ብቅ ብላ አላየሁም? ጠበሉ ይሆናላ! መቼም እኔ አይደለሁም።

እኔ ቂም አላውቅም፣ የሻርዬ። ለዚያች ሴት ጠዋት ጠዋት ነው የምጸልይላት። ዕድሜዋን ያርዝመው፤ አርጅታ አልጋ ላይ በዋለች ጊዜም፣ ልክ እሷ ሎሚቱን እንዳስታመመቻት አድርጎ የሚያስታምማት ደግ ሰው አያሳጣት… አሜን በሉ እንጂ!»