መሳቢያ የገባው አላርም

ስደት ይሉኝታን ያስረሳል የሚባለው ውሸት ነው። ወደ ክሬሰንት ታውን በሚሄደው አውቶቡስ ላይ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት የቤታቸውን የጭስ አላርም ከጣሪያው ነቅለው መሳቢያ ውስጥ እንደከተቱት አጠገባቸው ለተቀመጠችው ወጣት ሲነግሯት ከኋላቸው ተቀምጬ ሰማሁ።

«ለምን ማዘር?»

«ሽንኩርት ሳቁላላ ጮኸ። ጎረቤት ደንግጦ እሳት አደጋ ጠራ፤ የሕንጻው ሰው ሁሉ በፒጃማ በረዶ ላይ ቆመ። በእኔ ሽንኩርት!»

«እሳት አደጋዎቹ ተቆጡዎት?»

«የተቆጣሁትስ እኔ ነኝ። አሥራ አንደኛ ፎቅ ድረስ መጥተው ወጤን ሳይቀምሱ ሄዱ።»

«ኖ፣ ኖ፣ ዛሬውኑ መልሰው ይስቀሉት። እሳት ቢነሳስ?»

«እጮሃለኋ።»

«ተኝተው ከሆነስ?»

«ያን ጊዜማ ማንንም አላስቸግርም።»

እነሱን ስሰማ የመውረጃዬን ደወል ገመድ ሳልስብ ፌርማታዬ አለፈኝ።

እናንተም የምታውቋቸው እንዲህ ያሉ እናት ካሉ፣ ዛሬ ሄዳችሁ ጣሪያቸውን እዩ።