ሁለተኛውን ጥሪ አትጠብቁ

ፍትሐቱን ያደረሳችሁ አባቶቻችን፣ የእድራችን ዳኛና ሽማግሌዎች፣ የማስረሻ ባለቤት እትዬ ሸዋርካብሽ ከነልጆችዎ፣ ሱቃችሁን ዘግታችሁ ከእህል በረንዳ የመጣችሁ ነጋዴዎች፣ ጫኝና አውራጅ ወንድሞቼ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፤ ሁላችንንም ያጥናን።

ለማታውቁኝ፣ ጎበዜ እባላለሁ። ማስረሻ የሞተበት የእህል መጋዘን ኃላፊ ነኝ። አሥራ ስምንት ዓመት አብረን ሠርተናል፤ እሱ ሚዛኑ ላይ፣ እኔ በሩ ላይ። ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት የጤፍ ክምር ተናደበት። አስከሬኑ ለምርመራ ሄዶ ስለቆየ ዛሬ ቅዳሜ ልንቀብረው ቆመናል።

ማስረሻ ብዙ ወሬ አይወድም ነበር። እኔም አላበዛም። እንዴት እንደሞተ ግን በትክክል መነገር አለበት፤ ከሐሙስ ወዲህ ሌላ ነገር ይወራላና።

የሚወራውን ታውቃላችሁ። ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ፣ ከክምሩ ጀርባ ሰው በስሙ ይጠራል ይባላል። ድምፁ የማስረሻ ነው ይባላል። በመጀመሪያው ጥሪ የወጣ ሰው ተከትሎት ይሄዳል ይባላል። ከእንግዲህ ሦስቴ ካልተጠራን ንቅንቅ አንልም ተባብላችኋል። ሰኞ ይህን ይዛችሁ ከገባችሁ፣ ከመሀላችሁ አንዱን ደግሞ ተሸክመን እዚህ እንመጣለን። የምናገረው ለዚህ ነው።

ቃሊን አታውቁትም? ያውላችሁ፣ ክራንቹን ተደግፎ ቆሟል።

የዛሬ አራት ዓመት ነው። ቃሊ ከክምሩ ሥር ቆሞ ውኃ ይጠጣል። ላይ የነበረው ሰው ጆንያው ሲንሸራተት አየና «ቃሊ!» ብሎ ጮኸ። ቃሊ ሰማ። ጆሮውን አቀና። ግን አቤት አላለም፤ አልተንቀሳቀሰም። ለምን? የሁላችንም እናት አንድ ነገር ነዋ ያስተማረችን! የማታየው ሰው ሲጠራህ በመጀመሪያው አቤት አትበል። ሰው ከሆነ ይደግመዋል። ሰው ያልሆነው ግን አይደግምም።

ጆንያው ኩንታል ሙሉ ነበር። ዳሌው ላይ አረፈ።

ሆስፒታል ሄደን ማስረሻ ጠየቀው። «አልሰማህም እንዴ?»

«ሰምቼአለሁ» አለ ቃሊ። «ሁለተኛውን እየጠበቅኩ ነበር።»

ወደ መርካቶ ተመለስን። ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንን ስናልፍ ማስረሻ ቆመና «ጎበዜ፣ ሰኞ ጠዋት በሩን በአንድ ሰዓት ክፈትልኝ» አለኝ።

ሥልጠናው እንዲህ ተጀመረ። ማንም አላዘዘውም። በየሰኞው፣ ሥራ ሳይጀመር። ክምር ከአሥር ረድፍ አይበልጥም። ጆንያ እንደ ጡብ ተጠላልፎ ይደረደራል። ከሥር አይመዘዝም። ይህን ማንም ሊያስተምር ይችላል። ማስረሻ ግን ከክምሩ ራቅ ብሎ ወለሉ ላይ ቀይ መስመር ቀባ። ከዚያ ከክምሩ ጀርባ ይደበቃል። ዝም ይላል። መጋዘን ጸጥ ሲል እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ እህሉ ጆንያው ውስጥ ሲንሸራተት ይሰማል፣ የሚተነፍስ ይመስላል። ረጅም ዝምታ ነው። ከዚያ አንድ ስም ይጠራል። አንዴ። የተጠራው ዘሎ ቀዩን መስመር ካላለፈ እንደገና ከሀ።

ሙናዊር፣ መጀመሪያ ቀን ምን ነበር ያልከው? «ጋሼ፣ የጠራኝ ጂኒ ቢሆንስ?»

«ጂኒ ከሆነ ወጥተህ ታየዋለህ። ጆንያ ከሆነ ግን አታየውም» አለህ ማስረሻ።

ሳቃችሁ። «ጋሽ ማስረሻ ጂኒውን ሥራ ፈት አደረገው» ተባለ። ግን ወጣችሁ። እሱም ቢሆን ከእናንተ ያልተለየ ሥልጠና ነበረው። እትዬ ሸዋርካብሽ ራስዎ ነግረውኛል። ከጓዳ ሲጠሩት ጉርሻውን ሳይውጥ ብድግ ይላል። «ምነው፣ ወታደር ቤት አደረግከው!» ሲሉት «ሰውነቴ እንዳይረሳ ነው» ይላል።

አራት ዓመት። በአራት ዓመት ስንት ጊዜ ክምር ተንሸራተተ? ስንት ጊዜ ስም ተጠራ? ስንት ሰው ተጎዳ? አንድም የለም።

ታዲያ ሐሙስ ምን ሆነ?

የበዓል ገበያ ነበር። መኪናው ከበሩ እስከ አስፋልቱ ተሰልፏል። ሰኞ ማስረሻ በአንድ ሰዓት መጣ። «ዛሬ ይለፈን» አልኩት። በሚቀጥለው ሰኞ መጣ። «ዛሬም ይለፈን» አልኩት። በሦስተኛው ሰኞ ምንም አልጠየቀኝም፤ በሩ ላይ ቆሞ አየኝ። እኔ ቀድሜ «ይለፈን» አልኩ። ባለመጋዘኑ አላለም። ሹፌሮቹ አላሉም። እኔ ነኝ ያልኩት። እትዬ ሸዋርካብሽ፣ ይህን ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ነው እዚህ የምናገረው።

በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ኻሊድ ተቀጠረ። ጠንካራ ሠራተኛ ነው፣ የሁለት ልጆች አባት ነው። ማንም ምንም አላሳየውም። ሐሙስ ሹፌሩ ሲያጣድፈው ከሥር መዘዘ። ከሥር እንደማይመዘዝ በምን ይወቅ?

ክምሩ ዘመም ሲል ማስረሻ ሚዛኑ ጋ ነበር። «ኻሊድ!» አለ። አንዴ።

ኻሊድ ሰማ። ቆመ። ጆሮውን አቀና።

ማስረሻ ያንን አቋቋም ያውቀዋል። የቃሊ አቋቋም ነው። ሁለተኛውን እየጠበቀ ነው። ደግሞ ለመጥራት ጊዜ አልነበረም። ሮጦ ገባ። ገፈተረው። ኻሊድ ቀዩ መስመር ላይ ተዘረረ። ማስረሻ እዚያው ቀረ።

ገባችሁ? በመጀመሪያው ጥሪ ስለወጣ አይደለም የሞተው። በመጀመሪያው ጥሪ መውጣት ያላስተማርነው ሰው ስለነበረ ነው። ኻሊድ፣ አንገትህን አትድፋ። ጥፋቱ ያንተ አይደለም። ቀና በል።

ስለ ድምፁስ? ውሸት ነው አልላችሁም።

ትናንት ስድስት ሰዓት ላይ ብቻዬን ገባሁ። ጤፉ እንደፈሰሰ ነው። መሀሉ ጎድጉዷል፤ እሱን ያወጣንበት ነው። ከጉድጓዱ ጠርዝ እህሉ ወደ ውስጥ ይንሸራተታል። ጥቂት ይቆምና እንደገና ይንሸራተታል፣ ማንም ሳይነካው። ብናኙ አልወረደም፤ ከአንድ ቀን በኋላ እንኳ አየሩ ላይ ቆሟል። ጀርባዬን ሰጥቼ ልወጣ ስል «ጎበዜ» አለኝ። አልጮኸም። እንደ ሰኞው ነው። አንዴ።

ምን ያደረግኩ ይመስላችኋል? ቆምኩ። አራት ዓመት በር እየከፈትኩ አብሬያችሁ የወሰድኩት ሥልጠና እግሬ ውስጥ አልነበረም። ቆሜ ሁለተኛውን ጠበቅኩ። አልደገመውም።

ማን እንደሆነ አላውቅም። ድንጋጤ ይሁን፣ ጸጸት ይሁን፣ እሱ ራሱ ይሁን፣ አላውቅም። ያወቅኩት አንድ ነገር ነው። ሦስት ሰኞ ሰውን ወደ ድሮው ለመመለስ ይበቃል። እኔን መልሶኛል። ማስረሻ አራት ዓመት ለፍቶ ያወጣውን ልማድ እኔ በሦስት ጠዋት መልሼ አስገባሁት።

ስለዚህ ሰኞ በአንድ ሰዓት ሁላችሁም። መኪና ቢሰለፍ፣ ሹፌር ጥሩምባ ቢነፋ፣ ገበያው ቢያብድ። አዲስ የተቀጠረ ሰው ሳይሠለጥን በሩን አያልፍም። «ይለፈን» የሚል ሰው ከመጣ፣ እኔም ብሆን፣ ከደጅ መልሱት። ፈርታችሁ ከሆነ ፈርታችሁ ኑ። እኔም ፈርቼ ነው የምመጣው።

አሁን ገመዱን የያዛችሁ፣ ሳጥኑን ቀስ አድርጋችሁ አውርዱት። እኩል። በዚያ በኩል ላላ አድርጉ። ቀስ፣ ቀስ...

ሙናዊር!

ገመዱን አጥብቁ! እንዳይዘነብል! እንዲያ። ሌሎቻችሁ ከዳሩ ራቁ።

እዩት፣ የቆመበትን አፈር እዩት። ሌሊት ዘንቦበት ነበር፤ ዳሩ እንዳለ ወርዷል። ሙናዊር፣ ደኅና ነህ? ጀርባህን ሰጥተህ ነበር። የጠራሁህ እኔ ነኝ፤ አንተ ግን አላየኸኝም። አንዴ ተጠራህ፤ ወጣህ።

የማን ድምፅ መሰለህ?

ተወው። አትንገረኝ።

ማስረሻ፣ ወንድሜ። አፈሩ ይቅለልህ። ሰኞ ከክምሩ ጀርባ የምቆመው እኔ ነኝ። ስማቸውን የምጠራው እኔ ነኝ። ደህና ሁን። አንተ እረፍ፤ ከእንግዲህ አትጥራን።