ፈጣሪው ከበሩ ውጭ ይቁም

ኤፎ ሰናኑ ጡረታ ሲወጡ ይህ ሁለተኛ ጊዜያቸው ነው። የመጀመሪያው ሥራ የጀመሩ ዕለት ነበር።

የቆያችሁ ታስታውሳላችሁ፤ አዲሶቹ ስሙ። ያን ጊዜ ይህ የሽልማት ማዕከል ስም አልወጣለትም። እዚህ ቴማ፣ ከወደቡ ጀርባ፣ አሮጌ ሊቲየም ባትሪ የሚለይበት ግቢ ነበር። እኛ ሴቶች መሬት ላይ ተቀምጠን የስልኩን ከላፕቶፑ፣ የሞተር ሳይክሉን ከመኪናው እንለያለን። እሳቸው ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው መጡ። "ደህና አደራችሁ እናቶች፣ እኔ አዲሱ የሙከራ ኃላፊ…" ብለው ሳይጨርሱ አንድ ያበጠ ባትሪ ጭስ ተፋና ነደደ። ሁላችንም ወደ በሩ ሮጥን። እሳቸው ግን እኛንም በሩንም አልፈው፣ አስፋልቱን ተሻግረው ከዓይን ጠፉ።

"በሉ፣ ደመወዙን ሳይቀምስ ጡረታ ወጣ" አልኩ እኔ።

"እግሩስ ግሩም ነው፤ ለኳስ ቡድን እናስመዝግበው" ያለችው ይቺ ዴላሊ ናት፤ አሁን አንገቷን ብትደፋም።

ቆይቶ አንድ የአሸዋ መኪና እያቃሰተ ገባ። ጭነቱ ላይ ኤፎ ሰናኑ ጉብ ብለዋል። ብሎኬት ሠሪዎቹን ተከራክረውና ለምነው ያመጡት አሸዋ ነው። እሳቱ ግን ሥራውን ጨርሶ ጠፍቷል።

"ኤፎ፣ ወንድሜ፣ አሁን ምን ያደርግልናል?" አልኳቸው።

"ይሄ ለዛሬው አይደለም ዳቪ፣ እህቴ" አሉ ሸሚዛቸውን እያራገፉ። "ለሚቀጥለው ነው።"

ከዚያ ወዲህ በየበሩ የአሸዋ በርሜል አለ።

ጠባያቸውን ታውቁታላችሁ። ባትሪ ሲነኩ እናት የልጇን ትኩሳት እንደምታይ በእጃቸው ጀርባ ዳሰስ ያደርጉታል። የልጅ ልጄ ታማብኝ አዝያት ብመጣ ግንባሯን በዚያው አኳኋን ዳሰሱና "አላበጠችም፤ ግን ጥላ ውስጥ ትቀመጥ" አሉኝ። ሠርግ ቤት ደግሞ የሚጠሩ ሰው አይደሉም። የዴላሊ ልጅ ስታገባ ባትሪ ያለው ማራገቢያ በስጦታ መጣላት። እሳቸው "እንኳን ደስ አላችሁ" ከማለታቸው በፊት ገልብጠው አዩትና "ሲያረጅ ማን ይከፍተዋል?" አሉ።

ሙሽራይቱ "ኤፎ፣ ዛሬ ነው እኮ የተሰጠን" አለቻቸው።

እኔ ሰው ማመስገን አይሆንልኝም። ካመሰገንኳቸው ወንዶች አንዱን ቀብሬያለሁ፣ አንዱን አባርሬያለሁ። በዕድሜም ከኤፎ ሰናኑ እበልጣለሁ። በቀን ክፍያ የተቀጠረ ሰው ግን ጡረታ ስለሌለው፣ እኔን የሚሸኝ ድግስ አይኖርም። እንዳታዝኑልኝ፤ የእናንተን ሐዘኔታ የማስቀምጥበት ቦታ የለኝም። የቆምኩት ስለ ኢንጂነር ዊዝደም ማሽን ልናገር ነው። ራሱ እዚህ ፊት ለፊት ተቀምጧል። አስፈቅጄዋለሁ፤ ባይፈቅድም እናገር ነበር።

አሮጌ ባትሪ ለሚፈታ ማሽን የምንሰጠው ሽልማት በሦስት እርከን እንደሚከፈል ታውቃላችሁ፤ ለሐሳቡ ጥቂት፣ ለናሙናው መካከለኛ፣ ለሚሠራው ማሽን ትልቁ። በመጀመሪያው ውድድር ዊዝደም ሱፉን ግጥም አድርጎ ማሽኑን አቀረበ። ባትሪውን ሲያጎርሰው ጥቁሩ ዱቄት በአንድ በኩል፣ መዳቡ በሌላ በኩል ይወርዳል። ዳኞቹ አጨበጨቡ። ኤፎ ሰናኑ ብቻ ማሽኑን በእጃቸው ጀርባ ዳሰሱት። ከዚያ "ግሩም ነው። አሁን አንተ ከበሩ ውጭ ቁም፤ ዳቪ አፌፋ ይሞክሩት" አሉ።

"እሷ እኮ ማንበብ አትችልም" አለ ዊዝደም። እሷ። የእናቱ ታላቅ እሆናለሁ።

"ባትሪውም አይችልም" አሉት።

ወጣ። እኔም ከፊቴ ካለው ክምር አንዱን አንስቼ አጎረስኩት። ማሽኑ ጭሱን ተፋው፤ ከውጭ የመጡት ዳኛ ከነመነጽራቸው ጠረጴዛ ስር ገቡ። እጄን ያተረፈው የኤፎ ሰናኑ አሸዋ ነው። ለካ ዊዝደም ባትሪዎቹን የሚያመጣቸው ቤቱ ጨው ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ የቀረ ኃይላቸውን ካስጨረሰ በኋላ ነበር። ከመልመዱ የተነሣ ያ የሥራው ክፍል መሆኑን ረስቶታል።

"ማሽኑ ምንም አልሆነም፤ የተሳሳቱት እሳቸው ናቸው" አለ። ጭሱ ቢያንስ አንቱታ አስተምሮታል።

"ማሽንህ የሚሠራው አንተ ካለህ ነው" አሉት ኤፎ ሰናኑ። "አንተን ደግሞ በየግቢው ማከፋፈል አንችልም።"

በዚያ ዓመት ትልቁ ሽልማት ለማንም አልተሰጠም። ገንዘቡን የሰጡት ተቆጡ፣ ጋዜጣው አሾፈ፣ ኤፎ ሰናኑም ከሥራ ሊባረሩ ነው ተባለ። ከቃላቸው ግን ንቅንቅ አላሉም። በዓመቱ ዊዝደም የጨው ውሃ ገንዳ ከማሽኑ ጋር ገጥሞ፣ ባትሪው ባዶ ካልሆነ የማይከፈት ክዳን ሠርቶ መጣ። እኔ ውስጥ ስሠራበት እሱ ከበሩ ውጭ ሚስቱን ምጥ እንደያዛት ባል ይንቆራጠጥ ነበር። ሽልማቱን ወሰደ፤ ይገባዋል። ያ ማሽን ዛሬ ኩማሲም ሎሜም ይሠራል፤ የሚያንቀሳቅሱት ዊዝደምን በመልክ የማያውቁት ሴቶች ናቸው።

ፊደል ያስቆጠሩኝም ኤፎ ሰናኑ ናቸው፤ በምሳ ሰዓት፣ የበቆሎ ኬንኬያችንን እየበላን። መጽሐፍ አልነበረንም፤ የባትሪ ልባስ ላይ ያለውን ነው ያነበብነው። መጀመሪያ ለብቻዬ ያነበብኩት "አትክፈት" የሚለውን ነው። ስንት ዘመን ስከፍተው የኖርኩት ነገር ላይ "አትክፈት" ተብሎ ተጽፎ ኖሯል። ኬንኬዬን አስቀመጥኩ።

"ለማን ነው የጻፉት?" አልኳቸው።

"ለሚጥለው ሰው" አሉኝ። "የሚያነሣው ሰው ትዝ አላላቸውም።"

እኔ ብዙ የተማረ ሰው አይቻለሁ፤ በአብዛኛው ጀርባውን። እኚህ ሰው ግን ባትሪውን የሚያነሣው ሰው ማሽኑን ሳይሞክር ሽልማት አንሰጥም አሉ። ኤፎ፣ አመሰግናለሁ። ይህን ቃል እንዳያስደግሙኝ።

አሁን ወደ ማዳም ሰሎርም ልዙር። አዲሷ ዳይሬክተራችን ጥሩ ሰው ናቸው፤ የሰማሁትንም አልደብቃቸውም። ከመጪው ውድድር ጀምሮ ተወዳዳሪው ማሽኑን በፊልም ቀርጾ ይልካል፣ ዳኞቹም ባሉበት ሆነው ያያሉ ተብሏል። "አመልካቹ በዝቷል፤ ከበሩ ውጭ ቁም የሚለው ደንብም የኤፎ ሰናኑ ነው፣ ከእሳቸው ጋር ይሄዳል" ብለዋል ማዳም። ፊልም አይሸትም፣ ማዳም። ፊልም ላይ የሚታየው ዊዝደም ነው፤ ቤቱ የቀረው ገንዳ አይታይም። የሚቀጥለውን ማሽን መጀመሪያ የሚነካው ደግሞ የዴላሊ እጅ ነው፣ እዚያ ጥግ ላይ የተቀመጡት ሴቶች እጅ ነው።

ደንቡ የእሳቸው ከሆነ በራሳቸው ደንብ እንፈትነው። ኤፎ ሰናኑ ከበሩ ውጭ ይቁሙ፤ እኛ እንሥራበት። ከሠራ ደህና ደንብ ነበር።

ይህ በቅል የያዝኩት የዘንባባ አረቄ ከኬታ፣ ከኤፎ ሰናኑ አገር የመጣ ነው። ለቀደሙን ሙታን ጥቂት መሬት ላይ አፈስሳለሁ። በእኛ ዘንድ በአንድ ቃል ላይ የተቀዳ ቅል የቀመሰ ሰው ቃሉን ተቀብሏል። ማዳምም እንደ እኛ የአንሎ ሕዝብ ልጅ ናቸውና ማስረዳት አያሻኝም። ቃሉ ይህ ነው፤ የማሽኑ ፈጣሪ ከበሩ ውጭ ይቁም። ማዳም ሰሎርም፣ መጀመሪያ እርስዎ። ካልፈለጉ አልቆጣም፤ ግን ጡረታው ተሰርዟል፣ ኤፎ ሰናኑን ነገ ጠዋት በሥራ ሰዓት እንጠብቃቸዋለን።

ሳቁ ይሁን። ማዳም፣ ቅሉን ግን ይቀበሉኝ።

ማዳም ቀመሱ። ሁላችሁም አይታችኋል፤ ዴላሊ፣ አንቺም አይተሻል።

እንግዲህ ተነሡ፣ ብርጭቆአችሁን አንሡ። ኤፎ ሰናኑ፣ በኬታ ባሕሩ ከቤትዎ ደጃፍ ይራቅ፣ መረብዎ በዓሣ ይክበድ። ባለቤትዎም እርስዎ የቤቱን ዕቃ ሁሉ ገልብጠው ሲመረምሩ ይታገሱዎት። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎት።

ጠጡ። ከጠጣችሁ በኋላ ደግሞ አጨብጭቡላቸው፤ ከኋላ ያላችሁት ሴቶች በተለይ። አሥሩም ጣታችን አለ።